መጀመሪያ ካይሮ፣ ከዚያ አዲስ አበባ

ጥያቄ፦ «እኔና እናቴ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ጉልበቷንም ያማታል። በኖቬምበር አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ቆይተን ከዚያ ለዘጠኝ ቀን ግብፅ ለመሄድ አስበናል። ካይሮን፣ ሉክሶርንና ቀይ ባሕርን ማየት እንፈልጋለን። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። እሷ በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ ነው የምትሄደው። ቲኬት ገና አልቆረጥንም። ምን ምን እናዘጋጅ?»

እህቴ፣ ቲኬት አለመቁረጥሽ ደግ ሆነ። ብዙ ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ከቆረጠ በኋላ ነው። ያኔ የምሰጠው ምክር ሁሉ የለውጥ ቅጣት ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ምክሬ ጉዞውን ገልብጡት የሚል ነው። መጀመሪያ ካይሮ ግቡ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ምክንያቱ ቢጫ ወባ ነው።

ግብፅ ቢጫ ወባ ሊይዝ ከሚችልባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አለች። «እኛ ከአዲስ አበባ አልወጣንም» ማለት አያድንም፤ ዝርዝሩ የሚያየው አገሩን እንጂ ከተማውን አይደለም። የአሜሪካ ፓስፖርትሽም ነገሩን አይለውጠውም። የሚታየው ከየት እንደመጣሽ ነው። ኤርፖርት ውስጥ በትራንዚት ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ ሰውም እንደዚያው ይቆጠራል።

«ታዲያ እንከተባ» ትይኝ ይሆናል። ለአንቺ ጤነኛ ከሆንሽ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ትወጊያለሽ፣ ካርዱ ከ10 ቀን በኋላ ይጸናል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለእናትሽ ግን እንደዚያ አይደለም። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። 60 ዓመት ያለፈው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጋው ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣቱ ይበልጣል። የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ሐኪሙ «ለእርሳቸው አልመክርም» ካለ ምክንያቱን ጽፎ ደብዳቤ ይሰጣችኋል። ደብዳቤውን መቀበል አለመቀበል ግን መግቢያው ላይ የቆመው ሰው ሥልጣን ነው። እኔ እናቴን ይዤ ያን ዕድል አልሞክርም።

ከአሜሪካ ተነስታችሁ መጀመሪያ ካይሮ ብትገቡ ግን ይህ ጥያቄ ከነአካቴው አይነሳም። ከካይሮ ወደ አዲስ አበባ ስትሻገሩም ግብፅ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች የቢጫ ወባ ካርድ አትጠየቁም። ቲኬቱን በሦስት እግር አንድ ላይ አስቆርጪው፦ ዋሽንግተን ካይሮ፣ ካይሮ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ዋሽንግተን። እኛ መልቲ ሲቲ እንለዋለን። ከካይሮ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ግን ክትባቱን ለራሳችሁ ጤና ስትሉ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። እሱ ከመግቢያ ፈቃድ የተለየ ጉዳይ ነው።

ስለ ካርድ ካነሳን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ አበሾች ሁለት «ቢጫ ካርድ» አለን። አንዱ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ሌላው የክትባት ካርድ። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬን «ቢጫ ካርዱን እንዳትረሳ» ብዬው «ይዣለሁ» አለኝ። የበረራው ቀን ኤርፖርት ቆሞ ከደረት ኪሱ ያወጣው መታወቂያውን ነበር። የክትባት ካርዱ ቤቱ፣ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ባለቤቱ መኪና አስነስታ ይዛለት እስክትመጣ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ በደንብ አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ «የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ» ብዬ ሙሉ ስሙን ነው የምጠራው።

ጉዞውን መገልበጥ ለእናትሽ ሌላም በረከት አለው። ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ ኅዳር 5 ያበቃል። ኅዳር 6 ቁስቋም ናት፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 15። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ወይም ኖቬምበር 24 ነው። መሃሉን ብትቆጥሪው ዘጠኝ ቀን ነው፣ ልክ እናንተ የያዛችሁት ጊዜ። ረቡዕና ዓርብን ካልሆነ በቀር ግብፅን ከጾም ውጭ ያዩዋታል፣ ለኅዳር ጽዮን ደግሞ አዲስ አበባ ይደርሳሉ። የአየሩም ጠባይ በዚያ ሰሞን ጥሩ ነው። ሉክሶር በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ የሚነድ አገር ነው። በኖቬምበር ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያስፈልጋል።

ቪዛ ላይ የሁለታችሁ መንገድ ይለያያል። አንቺ በኢንተርኔት ኢ-ቪዛ ማውጣት ትችያለሽ፤ ካይሮ ኤርፖርት ከፓስፖርት ቁጥጥሩ በፊት ካሉት የባንክ መስኮቶችም መግዛት ይቻላል። ለመስኮቱ ያልተቀደደና ያልቆሸሸ የዶላር ጥሬ ገንዘብ ያዢ። የእናትሽን ግን ዋሽንግተን ካለው የግብፅ ቆንስላ ቀድማችሁ አውጡ። ሁለት ወር ሲቀራችሁ ጀምሩ። «ግሪን ካርድ ካላቸው እዚያው ይመቱላቸዋል» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። በሰው ወሬ እናትሽን ይዘሽ አትውጪ። ደለስ ኤርፖርት ላይ ሻንጣ የሚቀበልሽ ሠራተኛ የሚያምነው አንቺን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ነው። ታይማቲክ የሚባል የአየር መንገዶች መረጃ ቋት አለ፤ የፓስፖርቱን አገርና የምትሄጂበትን ሲያስገባ ምን እንደሚያስፈልግ ይነግረዋል። እዚያ ላይ ቪዛ ያስፈልጋል ካለ ልመና አይሠራም።

የሁለቱም ፓስፖርት ግብፅ ከምትገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። የእናትሽን ፓስፖርት ዛሬውኑ ከመሳቢያ አውጥተሽ እዪው፣ ማሳደስ ካስፈለገ ጊዜ ይበላል። ግሪን ካርዱንም ገልብጠሽ ማብቂያውን እዪ። ሰው ለመውጣት ሲጨነቅ መመለሻውን ይረሳል።

ከዚያ የስም ጉዳይ አለ። የእኛ ስም ለፈረንጅ ፎርም አልተሠራም። በአንዱ ሰነድ የአያት ስም አለ፣ በሌላው የለም። አንዱ ላይ የአባት ስም ከራስ ስም ጋር ተጣብቋል። ግሪን ካርዱ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ሆኖ አየዋለሁ። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው በሚጓዙበት ፓስፖርት ላይ ያለው ነው። እርግጠኛ ለመሆን ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን፣ በቀስት ምልክት የተሞሉትን ሁለት መስመሮች አንብቢ። ማሽኑ የሚያነበው እነሱን ነው። ቲኬቱን ስትቆርጪ የፓስፖርቱን ፎቶ ላኪ እንጂ ስሙን በስልክ አትንገሪ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ኢንሱሊኑ ከእጃችሁ ቦርሳ አይውጣ። የሚጫነው ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል፣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥም ሊቀዘቅዝ ይችላል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ለጉዞው ከሚበቃው እጥፍ ያዙና ግማሹ በእናትሽ ቦርሳ፣ ግማሹ በአንቺ ይሁን። ብዙው የኢንሱሊን ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ የእናትሽን ግን ወረቀቱ ላይ አንብቢ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሆቴል ፍሪጅ ውስጥም ከበረዶ ማውጫው ጋር አታስጠጉት። መድኃኒቶቹ ሁሉ የፋርማሲው ምልክት ባለበት ማሸጊያቸው ይሁኑ፤ የሐኪም ደብዳቤም አብሮ ይኑር። ካይሮ በሰዓት ዋሽንግተንን በ7 ትቀድማለች። የማታው መርፌ መቼ ይወጋ የሚለውን ሐኪማቸው በወረቀት ይጻፍላችሁ። በድካምና በእንቅልፍ ላይ ሆኖ ማስላት ጥሩ አይደለም።

ለጉልበት ሕመም የሚወሰድ ማስታገሻ ካለ ደግሞ ስሙን እዩ። ትራማዶል ከሆነ ተዉት። ግብፅ ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት 290 የትራማዶል ክኒን ይዛ ቀይ ባሕር ዳር ባለው ሁርጋዳ ኤርፖርት ተይዛ የሦስት ዓመት እስር ተፈርዶባታል። ጀርባውን ለሚያመው ግብፃዊ ጓደኛዋ የወሰደችው ነው። ጎረቤት «ለወንድሜ አድርሱልኝ» የሚለውን መድኃኒት ሁሉ እምቢ በሉ። እናቶቻችን እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፣ ስለዚህ እምቢታውን አንቺ ውሰጂው።

ዊልቸር ቲኬቱ ሲቆረጥ አብሮ ይጠየቅ። ክፍያ የለውም። እናትሽ «እኔ እሄዳለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል» ሊሉ ይችላሉ። ካይሮና ቦሌ ላይ ያለውን ሰልፍና እርምጃ ስለማውቅ ነው የምለው። ደረጃ መውጣት የሚከብዳቸው ከሆነ እሱንም ለይተሽ ንገሪ፣ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ ከቆመ ማንሻ እንዲያዘጋጁ ነው።

ኢንሹራንስ። ሜዲኬርም ሆነ ሜዲኬይድ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ስለዚህ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ግዢ፣ ለድንገተኛ ሕሙም ማጓጓዣ የሚከፍል ይሁን። ስኳርና ግፊት «ቀድሞ የነበረ ሕመም» ይባላል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ይህን የሚሸፍኑት ለጉዞው የመጀመሪያውን ገንዘብ በከፈልሽ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ ፖሊሲውን ከገዛሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ቲኬት በቆረጥሽ ሳምንት ግዢው። የመጨረሻ ቀን ላይ ርካሹን የሚፈልግ ሰው የሚያጣው ይህንን ነው።

የጉብኝቱ ነገር። ዘጠኝ ቀን ብዙ ይመስላል፣ ግን ያልቃል። እኔ ብሆን ካይሮ አራት ሌሊት፣ ሉክሶር ሁለት ወይም ሦስት፣ የቀረውን ሁርጋዳ። ከካይሮ ሉክሶር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው፣ ከሉክሶር ሁርጋዳ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ። በደቡብ ግብፅ ያለውን የአቡ ሲምበል ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ተዉት። ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። ለእናትሽ ጉልበትና ለስኳራቸው አይሆንም።

ጊዛ ላይ አሁን በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ከቦታ ቦታ ይኬዳል። ወደ ታላቁ ፒራሚድ ሆድ ግን እናትሽን አታስገቢ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎንበስ ተብሎ የሚወጣ ዳገት ነው፣ አየሩም ይታፈናል። ውስጡ ያለው ባዶ ክፍልና ባዶ የድንጋይ ሣጥን ነው። ያን ጉልበት ለታላቁ የግብፅ ሙዚየም አቆዩት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2025 በይፋ ተመርቋል። የጥንቱ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ዕቃ፣ ከ5,000 በላይ የሆነው፣ አንድ ላይ የሚታየው እዚያ ነው። ቲኬቱን ከአሜሪካ ሆነሽ በኢንተርኔት ከነሰዓቱ ያዢ። ሉክሶር የነገሥታት ሸለቆ ስትሄዱ መደበኛው ቲኬት ሦስት መቃብር ያሳያል። የንጉሥ ራምሴስ አራተኛው መቃብር ደረጃው ጥቂት ነው፣ ኮሪደሩ ለእናትሽ ይመቻል። የንጉሥ ቱትሞስ ሦስተኛው መቃብር ግን ደረጃ በደረጃ ስለሆነ አንቺ ግቢ፣ እሳቸው ጥላ ሥር ይጠብቁሽ። ከረሜላ ኪሳቸው ይኑር፣ እዚያ ዳገት ላይ ስኳር ይወርዳል።

አንድ ቀን ግን ለአሮጌው ካይሮ ስጡ። ሜትሮ ጣቢያው ስሙ ማር ጊርጊስ ነው፣ ጊዮርጊስ ማለት ነው፣ ከጣቢያው እንደወጣችሁ ቤተ ክርስቲያኖቹ ፊት ለፊታችሁ ናቸው። ሙአለቃ የምትባለው፣ በጥንቱ የሮማውያን ምሽግ በር ላይ የተሠራችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን 29 ደረጃ አላት። ቀስ ብለው ይውጡት፣ ዋጋ አለው። ውስጧ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም የተሰየመ ጸሎት ቤት አለ። አዎ፣ በእኛው አቡነ ተክለ ሃይማኖት። በዕድሜ የገፉ እናቶችን እዚያ ቦታ ይዤ ሄጃለሁ። አስጎብኚው ስለ እንጨት ሥራው እያስረዳ ሳለ እነሱ ነጠላቸውን አመሳቅለው ግድግዳውን ሲሳለሙ ሳይ እኔም ቋንቋ ያጥረኛል። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው የአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅዱሳኑ ቤተሰብ ከሄሮድስ ሲሸሹ ያረፉበት ነው ተብሎ የሚታመን ዋሻ ከሥሩ አለው። ቁስቋም ዕለት ካይሮ ከሆናችሁ እዚያ ዋሉ። እውነተኛው ደብረ ቁስቋም፣ የአል ሙሐረቅ ገዳም፣ አስዩት አካባቢ ከካይሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ነጠላ ሁለት ያዙ። ክብደት የለውም፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ራስ መሸፈኛ ይሆናል፣ ማታም ትከሻ ያሞቃል። ድሮን ለማንም አትያዙ፣ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ሶኬታቸው እንደ አዲስ አበባው 220 ቮልት፣ ሁለት ክብ ጥርስ ነው። የአሜሪካ የፀጉር ማድረቂያሽን ቤት ተይው።

ገንዘብ ላይ ሁለት ነገር ያዢ። ፒራሚዶቹን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ የጉብኝት ቦታዎች ለውጭ ዜጋ ቲኬት የሚሸጡት በካርድ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ይኑሩሽ፣ ለባንክሽም ግብፅ እንደምትሄጂ ንገሪ። በሌላ በኩል ያለ ዝርዝር ብር ቀን አይወጣም። ሽንት ቤት የሚጠርገው፣ ሻንጣ የሚያነሳው፣ መቃብር ውስጥ መብራት የሚያሳይሽ ሁሉ ባክሺሽ፣ ማለትም ጉርሻ፣ ይጠብቃል። የአምስት፣ የአሥርና የሃያ ፓውንድ ኖት በተገኘ ቁጥር ሰብስቢ። ግመል ላይ ለመውጣት ከፈለግሽ ዋጋው መውረድንም እንደሚጨምር ከመውጣትሽ በፊት ተነጋገሪ።

ምግቡ እናትሽን አያስቸግርም። ፉላቸው የእኛው ፉል ዘመድ ነው። ታእሚያ ከባቄላ የሚጠበስ ነው። የረቡዕና ዓርብ ምግብ ስትጠይቁ «ሲያሚ» በሉ፣ የኮፕቶች የጾም ምግብ ማለት ነው። ኮሻሪ ግን ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ምስርና ሽንብራ በአንድ ሳህን ስለሆነ ስኳር ላለበት ሰው ጥቂቱ ይበቃል። ሻይ ሲታዘዝ «ሚን ጌር ሱከር» ካላላችሁ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል። ቡና ሲሆን «ሳዳ» ትያለሽ። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፣ የታሸገውንም ክዳኑ ሳይከፈት ተቀበሉ። ኦአርኤስ፣ ተቅማጥ ሲይዝ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ጥቂት ፓኬት ያዙ፤ ስኳር ስላለው እናትሽ ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። አባይ ዳር እግር መንከር ያምራል፣ ግን ቢልሃርዚያ አለ። ቀይ ባሕር ላይ ጥለቁ፣ አባይን ከጀልባ እዩት።

ስልክ ላይ፣ የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። መልእክቱ ይሠራል፣ ድምፁ ግን ላይሠራ ስለሚችል ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ፣ እንዳይደነግጡ።

ስለ ግድቡ ሳልነግርሽ አላልፍም። ታክሲ ውስጥ ፊታችሁን አይቶ «ሐበሻ?» የሚል ሾፌር ይገጥማችኋል። ከአስሩ ዘጠኙ ለወዳጅነት ነው። አንዳንዱ ወሬውን ወደ ሕዳሴ ግድብ ሊወስደው ይችላል። አትከራከሩ፣ አትሸማቀቁም። «ከአንድ ወንዝ ነው የምንጠጣው» በይና ስለ ልጆቹ ጠይቂው። ግብፃውያን ስለ ልጆቻቸው ማውራት እንደ እኛው ይወዳሉ። በካይሮ ብዙውን ጊዜ ኡበር ስለሚሠራ ዋጋ መከራከሩም ይቀርልሻል።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት አዘጋጂ። በእንግሊዝኛና በአረብኛ ይጻፍ፣ አረብኛውን የሆቴሉ ሰዎች ይረዱሻል። የእናትሽ ሙሉ ስም፣ የስኳር ሕመምተኛና የኢንሱሊን ተጠቃሚ መሆናቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስምና መጠን፣ የሚያስቆጣቸው መድኃኒት ካለ እሱ፣ የኢንሹራንሱ ቁጥር፣ የአንቺ ስልክ፣ የሆቴሉ አድራሻ። ከግርጌው 123 አምቡላንስ፣ 126 የቱሪስት ፖሊስ። አንዱ ቅጂ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ። ሌላው ሁልጊዜ በሚለብሱት ሹራብ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ቦርሳ ሆቴል ይረሳል፣ ሹራብ ግን አይረሱም።